ኮማንደር የብርጓል እና የሁዳዴው ቅቤ

በደብረ ማርቆስ፣ ከውሰታ ወንዝ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ አንድ ነገር ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ አይደለም፤ የአናጺው የአለበል ልጅ የብርጓል ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ ትምህርቷ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ቁመቷ ደግሞ አባቷን የገዛ ቤቱን የበር ጉበን ሁለት ጊዜ ያስነሳ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ጧት ጧት ወደ ጎዛምን ገጠር ስትወጣ ያዩዋት ሰዎች፣ ጥላዋ እያለከለከ ከኋላ ሲከተላት አይተናል ብለው ይምላሉ። አንዱማ ጥላዋ ድልድይ ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ አግኝቼው ውኃ አጠጥቼዋለሁ ይላል።

በዚህ አገር ሯጭ ሲያሸንፍ የፖሊስ ማዕረግ ይሰጠዋል። መርማሪም ያው ፖሊስ ነው። ሰፈሩ ሁለቱን ደመረና፣ ልጅቱ ገና አንድ ሜዳሊያ ሳታጠልቅ «ኮማንደር» ብሎ ሾማት። ኮማንደር የብርጓልም ሹመቱን አልጠላችውም።

የምትወደውና የምትጠላው ነገር በግልጽ የተለየ ነው። መረብ ኳስ ትወዳለች። ጂኦሜትሪ ትወዳለች፤ «መልሱ እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀሽ ነው» ትላለች። ከሁሉ በላይ የሰው ጫማ ትወዳለች፤ የላይኛውን አይደለም፣ የታችኛውን። በሂሳብ ደብተሯ የኋላ ገጾች የሰፈሩ ሰው የጫማ ሶል በሙሉ ተስሎ ይገኛል፤ ማን ተረከዙን እንደሚበላ፣ ማን ግራ እግሩን እንደሚጎትት፣ የማን ላስቲክ ጫማ በምን በኩል እንደተቀደደ። ዝናብ ዘንቦ ባባራ ጧት ጭቃው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሽ እንዳላማው ትናንት ጠላ ቤት ገብተው ነበር፤ ሲሄዱ ቀጥ ብለው ነው፣ ሲመለሱ ግን መንገዱን ሰፍተውታል» ብትል፣ የጋሽ እንዳላማው ሚስት ያንን ቃል ከሐኪም ማስረጃ አስበልጣ ትቀበለዋለች። የምትጠላው ደግሞ ጥልፍ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ እና «ምናልባት» የሚለውን ቃል ነው።

እስከዚህ ዓመት ሁዳዴ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ነገር አውጥታለች። የትምህርት ቤቱን የደወል መዶሻ አግኝታለች። የጠፋ በሬ ቀንዱ ተሞርዶ፣ ጅራቱ ተከርክሞ፣ አማኑኤል ገበያ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ሲሸጥ በአረማመዱ ለይታ በስሙ ጠርታዋለች፤ በሬውም ዞሮ አይቷታል። ከአሥራ ዘጠኙ በአንዱም አልተሳሳተችም። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ሃያኛው ነገር ከመድረሱ በፊት እግሯን ተጎዳች። የሰፈሩን ዶሮ የሚፈጀውን ሌባ አድፍጣ ጠበቀችው፣ አየችው፣ አባረረችው፣ አጥር ዘለለች። ሌባው ሸለምጥማጥ ስለነበር ጉድጓዱ ገባ፤ እሷም ቦይ ውስጥ ገባች። ቁርጭምጭሚቷ ዳቦ አከለ። የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ወጌሻው አሽቶ፣ ጎትቶ፣ አስጩኾ ሲያበቃ ለአባቷ መድኃኒት አዘዘ። አባቷም መድኃኒቱን አሰናድቶ በባዶ የቫዝሊን ዕቃ ሞላና፣ «ጧትና ማታ እሽው፤ በካልሲ ጠቅልለሽ ዋይ» ብሏት የሰው ቤት ጣሪያ ሊያዋቅር ወደ አምበር ሄደ። መድኃኒቱ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ አላስቀርብ አለ። እሷ ግን ሦስት ሺህ ሜትር አለባትና ተቀባችው።

አባቷ በሄደ በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ ቤት ጩኸት ተሰማ። ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣ አለ። የሞተ የለም፤ ቅቤ ጎድሏል።

ወይዘሮ ጤናዬ ለፋሲካ ያስቀመጠችው ለጋ ቅቤ በማሰሮ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ነበር። የእሷ አጠባበቅ የባንክ አጠባበቅ አይደለም፤ ባንክ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል። ፊቱን በመዳፏ አስተካክላ፣ በማንኪያ ጀርባ የመስቀል ምልክት አትማበት፣ በኮባ ሸፍና፣ በገመድ አስራ ነበር ያስቀመጠችው። አሁን ኮባው አለ፣ ገመዱ አለ፤ መስቀሉ የለም። በመስቀሉ ቦታ ጉድጓድ አለ።

«በሁዳዴ!» አለች ወይዘሮ ጤናዬ፣ ራሷን ይዛ። «ሌብነቱስ ይሁን። በሁዳዴ ቅቤ! ይሄ ሰው ነው?»

ባሏ አቶ አምሳሉ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ያይ ነበር። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

«እትዬ ጤናዬ፣ በዚህ ሳምንት ጓዳ የገባ ማን ነው?» አለች የብርጓል፣ ደብተሯን ገልጣ።

«ማንም! ማን ይገባል? ረቡዕ እማሆይ ወለተ ሚካኤል መጥተው ነበር እንጂ። ቆሎ ላወጣላቸው ስል ብርዱ አንዘፈዘፋቸውና ጓዳ አስቀመጥኋቸው። ውይ! አፌን በቆረጠው፣ እሳቸውንማ አልጠረጥርም።»

የብርጓል ጻፈች፦ እማሆይ ወለተ ሚካኤል፤ ረቡዕ፤ ጓዳ፤ ብቻቸውን።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በምትገኝ ጎጆ የሚኖሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ክብደታቸው ከነመቋሚያቸው አንድ ጎልማሳ ዶሮ ያህላል። ሰው ያመጣላቸውን ይቀምሳሉ፣ ያላመጣላቸውን ይመርቃሉ። እሳቸውን በቅቤ መጠርጠር ድንጋዩን በሳቅ እንደመጠርጠር ነው። የብርጓል ግን፣ መርማሪ ለቆብ አያዳላም ብላ፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በካፊያ እያነከሰች ሄደች።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ርሰሻል። ካልሲሽን አውልቂና እግርሽን ወደ እሳቱ አስጠጊ።»

አወለቀች፤ አስጠጋች። ጎጆዋ አንድ መደብ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ እንስራ ናት፤ ከሁለት ሰው በላይ ከተገባባት አንዱ ውጭ ማደር አለበት። የብርጓል ዓይኗን አዙራ ሳትጨርስ አፍንጫዋ ቆመ። ቅቤ። ያልተሳሳተ፣ የጋለ፣ የሚጣራ የቅቤ ሽታ፤ በሁዳዴ፣ በመነኩሲት ቤት፣ ከምድጃው በኩል!

«እማሆይ፣ ይሄ የቅቤ ሽታ ከየት ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። አፍንጫዬ ማሽተት ካቆመ ዓመት አለፈው።»

«ረቡዕ እትዬ ጤናዬ ጓዳ ገብተው ነበር?»

«ገብቻለሁ።»

«ከዚያ ቤት ቅቤ ጠፍቷል። እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አንድ፣ ሁለት ቆጠሩ። ከዚያ ተነሡና፣ ያቺን የምታህል ሰውነት አጥፈው፣ በልጅቱ ፊት ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

«በድያለሁ ልጄ። ይቅር በሉኝ።»

የብርጓል ደብተሯን ገለጠች። ሃያኛው! ወንጀለኛው በቃሉ ያመነበት የመጀመሪያው ነገር። ካልሲዋን አጥልቃ ስትወጣ የሴትዮዋ ግንባር ላይ አመድ ተለጥፎ አይታለች። እሷ ግን ሽታው አለ፣ ዕድሉ አለ፣ ቃሉ አለ ብላ ደብተሯን ዘጋችው።

የነገረችው ለወይዘሮ ጤናዬ ብቻ ነው። ወይዘሮ ጤናዬም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ ያ አንድ ሰው ግን ቦኖ ውኃ ሊቀዳ ተሰልፎ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሬው ሰፈሩን ጨረሰ። በሁለተኛው ሰዓት ማሰሮው ሦስት ሆነ። ማታ ላይ እማሆይ ከቅቤው ሌላ በግም እንደበሉ የሰማ አለ።

አርብ ከሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የብርጓል ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ቆማ አየች። እማሆይ እንደልማዳቸው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ከእጃቸው ላይ ቆሎ የሚያስቀምጥ አልመጣም። አንድ ትንሽ ልጅ «ቅቤ በሊታ!» አለና እናቱ አፉን ያዘችው፤ አልተቆጣችውም፣ አፉን ብቻ ነው የያዘችው። እማሆይ ቀና ብለው የልጁን እናት በምልክት ባረኩ። የብርጓል ወደ ቤቷ ሄደች፤ ራት አልበላ አላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቷ ከአምበር በሚኒባስ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ምነው እማሆይ ወለተ ሚካኤል መንገድ ጀመሩ?» አለ። «ወደ አምበር ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ዳዊታቸውንም አዝለዋል። በይ እግርሽን አምጭው እስቲ።»

ከሰል ቀርቦ ነበር። አባቷ እንደ ወጌሻው አድርጎ እግሯን በእሳቱ ላይ አሞቀው፤ ከቫዝሊኑ ዕቃ በጣቱ ዛቀና ያሽ ጀመር። የጤና አዳሙና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ መጀመሪያ መጣ። እሳቱ ሲያገኘው ደግሞ ከሥሩ ሌላ ሽታ ተነሣ።

የብርጓል የቫዝሊኑን ዕቃ አነሣችና አሸተተች።

«አባዬ። ይሄ መድኃኒት ምን ምን አለው?»

«ወጌሻው ያዘዘውን ነዋ። ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት...»

«ሌላስ?»

«ለጋ ቅቤ። ያለ ቅቤ ምኑ ታሽቶ! በሁዳዴ ቅቤ ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ አምሳሉ አንድ ጭልፋ ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጠው። ለመብላት እንዳይመስልሽ፣ ለእግር ነው፣ ጾም አያስፈታም። ምነው? ምን ሆንሽ?»

በጎጃም ውስጥ በሬን በአረማመዱ የምትለይ ልጅ፣ የገዛ እግሯን ሽታ ሳትለይ ሰባት ቀን ይዛው ዞራለች። ሁሉንም ነገረችው። አባቷ በልጅነቱ ሁለት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ እስከ «በድያለሁ» ድረስ ሰማና እጁን ከእግሯ ላይ አነሣ።

«አንች ልጅ፣ መነኩሴ እኮ ሲከሰስ አይሟገትም። በድያለሁ ብሎ ይሰግዳል፤ ሥርዓታቸው ነው። የእኛ የኔታ ዘንድ የነበሩ አንድ መነኩሴ ፍየል ወግታቸው በድያለሁ ብለዋታል፤ ለፍየሏ! ይህን የማያውቅ ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግሁ?»

አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

መጀመሪያ የሮጠችው ወደ አቶ አምሳሉ ነው። ከቤቱ ጀርባ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው፤ ገና ሲያያት መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቅቤውን የሰጡት እርስዎ ነዎት!»

«ቀስ በይ! ቀስ! ውስጥ ናት።»

«ሐሙስ እዚያው ቆመው አልነበረም? ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር። አፌን ከፈትሁ። ፊቷን አየሁት፤ አፌ ተመልሶ ተዘጋ።» አቶ አምሳሉ ግንባሩን ጠረገ። «ደግሞም አስቢው የብርጓል፤ እማሆይ መነኩሲት ናቸው፣ ይችሉታል። እኔ ባለትዳር ነኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ይህ ሰው ምን ያህል እሷን እንደሚመስል ነው የታያት፤ እሱ ሚስቱን ፈርቶ ዝም አለ፣ እሷ ሃያኛውን ፈልጋ ጮኸች፣ መሬት ላይ የሰገዱት ሌላ ሰው ናቸው።

መናኸሪያው ላይ የአምበር ሚኒባስ አንድ ሰው ይቀረው ነበር፤ እሷ ስትገባ ግን ረዳቱ «አሁንም አንድ ይቀራል» አለ። ወረደችና ሮጠች። ወጌሻው እንዳትሮጥ ብሏታል። እያንዳንዱ እርምጃ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ምስማር ይመታል፤ ደስ አላት፣ ይገባኛል አለች። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች ጥግ ያዙላት። ጤፍ ጭኖ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «ኮማንደር! ሌባው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጮኸላት። ሌባው እኔ ነኝ ልትል ፈለገች፤ ትንፋሽ አልነበራትም።

አምበር ሊገባ ጥቂት ሲቀር፣ እማሆይ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ከጀርባቸው አውርደው አገኘቻቸው። እግራቸው ላይ ወደቀች። ትንፋሿ ሲመለስ ሁሉንም ተናገረች፤ ወጌሻውን፣ ጭልፋውን፣ አምሳሉን፣ የቫዝሊኑን ዕቃ።

«እግርሽ ላይ?» አሉ እማሆይ። «ቅቤው እግርሽ ላይ?» ሳቅ አነሣቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ታዲያ እግርሽስ ዳነ?»

ይህች ጥያቄ የብርጓልን ከስድብ ሁሉ አብልጣ አስለቀሰቻት።

«እማሆይ፣ ለምን አልወሰድሁም አላሉኝም? አንድ ቃል ነበር እኮ!»

«አንች የጠየቅሽኝ ስለ ቅቤ ነው፤ እኔ ደግሞ የተከሰስሁበትንና ያልተከሰስሁበትን አብሬ አሰብሁት። ቅቤውን አልበላሁም ብዬ ቀና ብል፣ በቀረውም ኃጢአቴ ሰው ሁሉ ንጹሕ ናት ይለኛል። እሱ ይብስብኛል።»

«ይመለሱ። እለምንዎታለሁ። በእያንዳንዱ ቤት ገብቼ እናገራለሁ።»

«ድሮም የምሄድ ነበርሁ ልጄ። ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ደጀን አጠገብ፣ ገዳም ልግባ ብዬ ከተሳልሁ ሰባት ዓመቴ። ስንፍና ይዞኝ፣ የጤናዬ ቆሎ ይዞኝ። አንች አስነሣሽኝ።»

የብርጓል ፊታቸውን አየች። የሚዋሽ ሰው ምራቁን እንዴት እንደሚውጥ፣ ዓይኑን ወዴት እንደሚያሸሽ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ደብተሯ ውስጥ ጽፋዋለች። የእማሆይ ፊት ግን ምንም አልነገራትም። እውነት ሊሆን ይችላል። ለእሷ ብለው የፈጠሩት ሊሆንም ይችላል። ስእለቱ እውነት ከሆነ እንኳን፣ ሰባት ዓመት ያልሄዱ ሰው አርብ ከሰዓት በኋላ ለምን ለመሄድ ወሰኑ? ይህን መመርመር ፈራች።

ዳዊታቸውን አዝላ እስከ አምበር ሸኘቻቸው። እዚያ ከአንዲት ደግ ሴት ቤት እንዲያድሩ አድርጋ በሚኒባስ ተመለሰች።

እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ቆመች። ጮኻ መናገር አትፈራም፤ የስፖርት ቡድኑን መዝሙር የምታወጣው እሷ ናት። ያን ቀን ግን ድምፅዋ እንደ ሰው ዕቃ ከበዳት።

«እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቅቤ አልወሰዱም! አልበሉም! የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ቅቤው የተቀባው እኔ እግር ላይ ነው፤ የሰጡትም ጋሼ አምሳሉ ናቸው!»

ከዚያ ሁሉም ሰው አንገቱን ወደ አቶ አምሳሉ አዞረ። አቶ አምሳሉ ወደ ቅጥሩ ዋርካ ጀርባ ሊሄድ ሲል ነጠላው ተያዘ።

«አንተ!» አለች ወይዘሮ ጤናዬ። «መስቀሉን የፈነቀልህ አንተ ነህ?»

«ለእግር ነው! ለልጅቱ እግር!»

«በጭልፋ ነው በማንኪያ?»

«በጭልፋ...»

ሳቁ ቤተ ክርስቲያኑን አናወጠው። ዲያቆናቱ ሳቁ፣ ሽማግሎቹ ሳቁ፤ አምሳሉን እየከበቡ «ጋሽ ጭልፋ» ብለው በዚያው ስም አወጡለት። የብርጓል መሐላቸው ቆማ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። እማሆይን ያነሣ የለም። ሐሙስ ስማቸው ያልተጠራበት ቤት አልነበረም፤ ዛሬ የሚጠራቸው ጠፋ።

«እማሆይስ?» አለች። ሳቁ ውስጥ ጠፋ። «እማሆይስ!» ብላ ጮኸች።

«እንዴ፣ እሳቸውማ መነኩሲት ናቸው፣ ይቅር ይላሉ» አለች አንዲት ሴት፣ ዓይኗን እየጠረገች። ባለፈው አርብ የልጁን አፍ የያዘችው ናት።

ያኔ ነው ወይዘሮ ጤናዬ የባሏን ነጠላ የለቀቀችው። ግድግዳው ሥር ባዶውን ቦታ አየች። ሳቋ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቦኖው ላይ የነገርሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥላ፣ «አምበር በእግር ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«በእኔ ነው በእርስዎ?» አለች የብርጓል።

«በእኔ እንጂ፤ ያንችንማ ምን ያደርግልኛል!»

በዚያው ወጡ። ወይዘሮ ጤናዬ ከፊት፣ አቶ አምሳሉ ቆሎና ዳቦ ተሸክሞ ከመሐል፣ የብርጓል እያነከሰች ከኋላ። በሚኒባስ እንሂድ ያለው አምሳሉ ነበር፤ «እሳቸው በእግራቸው ነው የሄዱት» ተብሎ ሸክሙን አስተካከለ። መንገዱን በሙሉ ስለ ጭልፋው ተወቀሰ። አንዳንዴ ወቀሳው ወደ የብርጓል ዞር ይላል፣ አንዳንዴ ወይዘሮ ጤናዬ ወደ ራሷ ታዞረዋለች፤ ያን ጊዜ ሦስቱም እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።

አምበር ሲደርሱ የደጊቱ ሴት ቤት ተዘግቷል። በራፉ ላይ ከሚስማር ጋር የሚታገል አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ነበር። የብርጓል ቀረበችው።

«ጋሼ፣ ትናንት እዚህ ያደሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። ገና ሲነጋ ወደ ደጀን መንገድ ወጡ።» ሽማግሌው መዶሻውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኒያ በሁዳዴ ቅቤ በልተው ከማርቆስ የተባረሩት አይደሉ?»

ወይዘሮ ጤናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አቶ አምሳሉ ሸክሙን አወረደ።

«አይደሉም ጋሼ» አለች የብርጓል። ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አልበሉም። ትንሽ ጊዜ ካለዎት ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»